ተጓዳኝ ሕመም እያለ የኩላሊት ንቅለ ተከላ፦ ለመወሰን የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

«ስኳርም ግፊትም አለብኝ፤ ኩላሊት የሚሰጠኝ ቢገኝ ይተክሉልኛል?» በኩላሊት እጥበት ክፍል ነርስ ስለሆንኩ ይህ ጥያቄ ሳይቀርብልኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ከደብረ ማርቆስ ይመጣል፣ ከቡሬ ይመጣል፣ ከሞጣ ይመጣል፤ አንዳንዴም ደዋዩ አረብ አገር ሆኖ ለአባቱ የሚጨነቅ ልጅ ነው። ሁሉም የሚጠብቁት «አዎ» ወይም «አይሆንም» የሚል መልስ ነው። በስልክ እንዲህ ያለ መልስ መስጠት ስለማይቻል የምነግራቸውን ሁሉ እዚህ በተራ አስቀምጬዋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድመው ይያዙ፦ ሌላ ሕመም መኖሩ ብቻውን ንቅለ ተከላን አይከለክልም። እጥበት ላይ ካሉ ሰዎች መካከል ከኩላሊቱ በቀር ሌላ ሕመም የሌለበት ማግኘት ይከብዳል፤ የብዙዎቹን ኩላሊት የጎዳውም ያው ስኳሩ ወይም ግፊቱ ነው። የሚወስነው ሕመሙ ሊስተካከል መቻሉ፣ ሰውነትዎ ቀዶ ጥገናውን መሸከሙ፣ ከዚያም ሕመሙ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳያጠቃ ዕድሜ ልክ ከሚወሰደው መድኃኒት ጋር መስማማቱ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ማስጠንቀቂያ

ይህ መመሪያ ሐኪም ዘንድ ተዘጋጅተው እንዲሄዱ ይረዳል እንጂ ሐኪምን አይተካም። ሲተኙ ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ፣ እጅና እግርዎ በድንገት ከዛለ፣ ልብዎ ያለ ልክ ከመታ ወይም ቤተሰብ «መዘባረቅ ጀመረ» ካለ ይህን ማንበብ ትተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በደም ውስጥ የተጠራቀመ ፖታሲየም ወይም ፈሳሽ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ውሳኔው እስኪጠናቀቅ ድረስ እጥበት አይዝለሉ፤ የታዘዘ መድኃኒትም በራስዎ አያቁሙ። ለወገብና ለራስ ምታት ከመድኃኒት ቤት የሚገዙትን ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይተው፤ የቀረውን የኩላሊት አቅም ይጨርሳሉ።

ደም መውሰድን በተመለከተም ይጠንቀቁ። ደም በወሰዱ ቁጥር ሰውነትዎ የሌላ ሰው ሕዋስ ላይ የሚያነጣጥር ፀረ አካል ሊያመርት ይችላል፤ በኋላ ተስማሚ ለጋሽ የሚያሳጣው ይኸው ነው። ደም ማነስዎ በብረትና ኤሪትሮፖይቲን በሚባለው መርፌ ሊታከም ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ሕይወት አስጊ ከሆነ ግን ደሙን ይውሰዱ፤ ስለ ንቅለ ተከላ የሚታሰበው በሕይወት ሲኖሩ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ውጤቶች የሚቀመጡበት የፕላስቲክ ማኅደር
- የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው፤ የባህል መድኃኒትም ቢሆን
- የግፊትና የስኳር ልኬት መዝገብ፤ ቢያንስ የአንድ ወር
- እስካሁን የተሠሩ የምርመራ ውጤቶች፦ ክሬያቲኒን፣ ሙሉ የደም ምርመራ፣ የደም ዓይነት፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤች አይ ቪ፣ የደረት ራጅ፣ የኩላሊትና የልብ አልትራሳውንድ
- መታወቂያ፣ የጤና መድን ካርድ፣ የሪፈር ወረቀት
- አብሮዎት ገብቶ የሚያዳምጥ አንድ ሰው

የመጨረሻውን አይናቁት። ሐኪም ከባድ ነገር ሲናገር ታካሚው የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ሰምቶ ይወጣል። የሚያስታውሰውም የሚጽፈውም አብሮ የገባው ሰው ነው።

ደረጃ 1፦ ጉዳቱ የማይመለስ መሆኑን ያረጋግጡ

በከባድ ወባ፣ በኃይለኛ ተቅማጥ፣ ከወሊድ በኋላ በሚደርስ የደም መፍሰስ ወይም በመድኃኒት ምክንያት በድንገት ሥራ ያቆመ ኩላሊት፣ ለጥቂት ሳምንታት እጥበት ተደርጎለት ራሱ ሊያገግም ይችላል። ስለዚህ ጉዳቱ ከ3 ወር በላይ መቆየቱን የሚያሳዩ የቀድሞ ውጤቶች ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ አልትራሳውንዱም የተጨማደዱ ኩላሊቶችን ያሳያል።

ሐኪሙን «የኩላሊቴ የማጣራት አቅም ስንት ደርሷል?» ብለው በቁጥር ይጠይቁ። ከ30 (ሚሊ ሊትር በደቂቃ) በታች ወርዶ እየባሰ ከሄደ ስለ ንቅለ ተከላ መነጋገር የሚጀመርበት ጊዜ ነው። ከ15 በታች የመጨረሻው ደረጃ ይባላል። ሕያው ለጋሽ ላለው ሰው ንቅለ ተከላው የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ አቅሙ ወደ 10 ሲጠጋ ወይም ምልክቶቹ ሲበረቱ ነው። በ30 መጀመር የሚያስፈልገው ተጓዳኝ ሕመምን ማስተካከል ወራት ስለሚፈጅ ነው፤ በእጥበት ላይ ብዙ በተቆየ ቁጥርም ልብና የደም ሥር እየተጎዱ ይሄዳሉ።

ኩላሊቱን የጎዳው ምን እንደሆነም ያጽፉ። አንዳንድ በሽታዎች አዲሱንም ኩላሊት ተከትለው ይይዛሉ፤ ሉፐስን (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበትን በሽታ) የመሳሰሉት ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በፊት መብረድ አለባቸው።

ደረጃ 2፦ ያለብዎትንና የነበረብዎትን ሕመም ሁሉ ይጻፉ

ደብተሩን ይክፈቱና ለእያንዳንዱ ሕመም አንድ መስመር ይስጡ፦ ስሙን፣ የጀመረበትን ዓመት፣ የሚወሰደውን መድኃኒት፣ መጨረሻ የታየበትን ቀን። የዳነ መስሎ የሚሰማዎትንም ይጻፉ። ከዓመታት በፊት የታከሙት ሳንባ ነቀርሳ፣ በልጅነትዎ «የልብ በሽታ» የተባሉት፣ በደም ልገሳ ጊዜ የተነገርዎት የጉበት ቫይረስ ሁሉም ቦታ አላቸው።

ከዚያ ሰው ብዙ ጊዜ የማያነሳቸውን ይጨምሩ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ፣ ቋራ ወይም ሁመራ ወርደው ያውቃሉ? በጣና ዳር ወይም በመስኖ ውሃ ውስጥ ሠርተዋል? በባዶ እግርዎ ሲያርሱ ኖረዋል? ኮሶ ወይም ከአዋቂ የተሰጠ ሥር ወስደዋል? ምን ያህል አረቄ ይጠጣሉ? በእኛ አገር ላለ ታካሚ እነዚህ ጥያቄዎች የምርመራውን አቅጣጫ ይቀይራሉ፤ የአብዛኞቹ ምክንያት በደረጃ 3 አለ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ላይ ደግሞ የተደበቀው ሕመም አዲሱን ኩላሊትም ይዞ ይሄዳል። ቤተሰብ እንዳይሰማ የሚፈልጉት ነገር ካለ ከሐኪሙ ጋር ብቻዎን የሚነጋገሩበት ጊዜ ይጠይቁ። መብትዎ ነው።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱን ሕመም ከሦስት ረድፎች ወደ አንዱ ያስገቡ

በደብተሩ ሁለት ገጽ ላይ ሦስት ረድፍ ያስምሩ፦ «የሚከለክል»፣ «የሚያዘገይ»፣ «ጥንቃቄ የሚጨምር»። ረድፉን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ እርስዎ የሚያደርጉት ስለ እያንዳንዱ መስመር መጠየቅ ነው። «የሚከለክል» ውስጥ የሚገቡት ጥቂት ናቸው፦ በሰውነት ውስጥ ያለ ያልታከመ ካንሰር፣ ሊስተካከል የማይችል ከባድ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም፣ ጉበትም አብሮ ካልተተከለ በቀር እጅግ የገፋ የጉበት ጠባሳ። የቀረው በአብዛኛው «የሚያዘገይ» ነው።

ልብ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ይህ ነው፤ የኩላሊት ሕመምተኛን ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚገድለው ልብ ነውና። ሐኪሙ «ምን ያህል ይራመዳሉ?» ሲል «ደህና ነኝ» ብለው አይለፉት። ከምንጭ ውሃ ይዘው ዳገቱን ሲወጡ የት ላይ እንደሚቆሙ፣ ገበያ ሲሄዱ ስንት ጊዜ እንደሚያርፉ ይንገሩት። በቶንሲል መዘዝ የተጎዳ የልብ በር በአገራችን ብዙ ነው፤ በጣም ከጠበበ መጀመሪያ እሱ ይታከማል። የልብ ጡንቻ መድከም ግን ሁልጊዜ በር አይዘጋም፤ ድካሙ ከኩላሊቱ መርዝና ከፈሳሽ ብዛት የመጣ ከሆነ ከንቅለ ተከላ በኋላ ሊሻሻል ይችላል። የልብ አልትራሳውንዱን በእጥበት ማግስት ያሠሩ፤ ውሃ በተጠራቀመበት ቀን የተነሳ ልብ ከእውነተኛው ይልቅ የደከመ ይመስላል።

ስኳር። «ስኳሩ ለቀቀኝ» የሚሉ ታካሚዎች አሉ። ስኳሩ አልለቀቀም። ኢንሱሊንን ከሰውነት የሚያስወግደው በከፊል ኩላሊት ስለሆነ፣ ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን በደም ውስጥ ይቆያልና ልኬቱ ይወርዳል። አዲስ ኩላሊት ሲተከል፣ በዚያ ላይ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክሙት የንቅለ ተከላ መድኃኒቶች ፕሬድኒሶሎንና ታክሮሊመስ ሲጨመሩ ስኳሩ ከቀድሞው በላይ ሊወጣ ይችላል። የሦስት ወር አማካይ የሚባለው ምርመራ ደግሞ ደም ማነስ ባለበትና እጥበት ላይ ባለ ሰው ያታልላል፤ በየቀኑ የለኩትን መዝገብ ይዘው ይሂዱ። አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው ከሆድ ታች በጎን በኩል ሲሆን የሚገጠመውም ወደ እግር ከሚወርደው ትልቅ የደም ሥር ጋር ነው። ለዓመታት ስኳር የኖረበት ሰው የዚህ የደም ሥር ግድግዳ ጠጥሮ እንደሆነ ይመረመራል።

ሳንባ ነቀርሳ። በሽታው ካለ ሕክምናው እስኪያልቅ ይጠበቃል። ሪፋምፒሲን የሚባለው የነቀርሳ መድኃኒት የንቅለ ተከላውን መድኃኒት መጠን በደም ውስጥ እጅግ ስለሚያወርደው ሁለቱን አንድ ላይ መምራት ከባድ ነው። ሳል ባይኖርም በሰውነት ውስጥ የተኛ ነቀርሳ ሊኖር ስለሚችል የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ።

የጉበት ቫይረስ። ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ በጥቂት ወራት የሚዋጥ መድኃኒት ይድናል። ሄፓታይተስ ቢ አብዛኛውን ጊዜ አይድንም፤ ይያዛል። የመከላከያ አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ሲጀመር ቢ ቫይረስ ሊነሳና ጉበትን ሊያቃጥል ስለሚችል መድኃኒቱ ቀድሞ መጀመር አለበት። ቫይረሱ ከሌለብዎ ክትባቱን አሁኑኑ ይጀምሩ፤ ከንቅለ ተከላ በኋላ ሰውነት ለክትባት የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል።

ኤች አይ ቪ። ቫይረሱ በደም ውስጥ የማይታይበት ደረጃ ላይ ከደረሰና ሲዲ 4 የሚባለው የመከላከያ ሕዋስ ቁጥር ከ200 በላይ ከቆየ በሕክምናው መርህ ንቅለ ተከላን አይከለክልም። መድኃኒቱን ግን ከነስሙ ያሳዩ፤ ሪቶናቪር ያለበት ጥምረት የታክሮሊመስን መጠን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ከፍ ያደርጋል። ማዕከሉ ቫይረሱ ያለበትን ሰው ይቀበል እንደሆነ መንገድ ከመጀመርዎ በፊት በስልክ ያረጋግጡ።

ካንሰር። የታከመ ካንሰር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ከሕክምናው በኋላ ከ2 እስከ 5 ዓመት እንዲጠብቅ ይደረጋል፤ እንደ ዓይነቱ ሊያጥርም ይችላል። የመከላከያ አቅም ሲደክም የተረፈ የካንሰር ሕዋስ የሚያስቆመው ያጣል።

ካላዛር፣ ቢልሃርዚያና የሆድ ትል። ሰሊጥ አጨዳን፣ የጣናንና የመስኖ ውሃን፣ በባዶ እግር ማረስን የጠየቅኩት ለዚህ ነው። የካላዛር ተውሳክ ከታከመ በኋላም በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ሊቆይና መከላከያው ሲደክም ሊነሳ ይችላል። በባዶ እግር በኩል የሚገባ ስትሮንጂሎይድስ የተባለ ትል ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ያለ ምልክት ይቀመጥና ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር በመላ ሰውነት ተሠራጭቶ ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው፤ ርካሽና አጭር ሕክምና ስለሆነ ቀድሞ መውሰድ ነው የሚሻለው። ሐኪሙ ካላነሳው እርስዎ ያንሱት።

የሚጥል በሽታ። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የንቅለ ተከላውን መድኃኒት ያወርዳሉ። መድኃኒቱ በሌላ ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፤ ለመለወጥ ግን ጊዜ ያስፈልጋል።

ጥርስ፣ ቁስልና ዝሆኔ። የበሰበሰ ጥርስ ይነቀል፤ ያልዳነ የእግር ቁስል ይዳን። ዝሆኔ ካለብዎ በየቀኑ እግርዎን በሳሙና ታጥበው፣ ቅባት ቀብተው፣ ጫማ ያድርጉ፤ የተሰነጠቀ ቆዳ የኢንፌክሽን መግቢያ ነው።

ድብርትና ሱስ። እዚህ ላይ የሚታየው መድኃኒትን ሳያቋርጡ የመውሰድ አቅም ነው። የታከመ የአእምሮ ሕመም አያግድም። ሲጋራ ግን ቢያንስ ከወር በፊት መቆም አለበት።

ዕድሜስ? ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም። የሚመዘነው ጥንካሬ ነው።

ደብተሩ ሲሞላ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከደምበጫ አካባቢ አንድ የ54 ዓመት ገበሬ እናስብ። ስኳር ለ12 ዓመት፣ ሕክምና ያልጀመረ ሄፓታይተስ ቢ፣ በግራ እግር አውራ ጣት ላይ ያልዳነ ቁስል፣ በወጣትነት መተማ የከረመበት ሁለት ወቅት። «የሚከለክል» ረድፍ ባዶ ነው። «የሚያዘገይ» ላይ ቁስሉና ያልታከመው ቫይረስ ይገባሉ። «ጥንቃቄ የሚጨምር» ላይ ስኳሩና መተማ። ይህ ሰው ቤቱ ተቀምጦ «ስኳር ስላለብኝ አይሆንልኝም» ሲል ነበር፤ ደብተሩ ግን ያዘገየው ስኳሩ ሳይሆን አውራ ጣቱና ያልታከመው ቫይረስ መሆኑን ያሳያል።

ደረጃ 4፦ ርካሹንና ወሳኙን ምርመራ ያስቀድሙ

በቅርብዎ ባለ ሆስፒታል የሚሠራውን መጀመሪያ ይጨርሱ፦ የልብ አልትራሳውንድና ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ)፣ የደረት ራጅ፣ የቫይረስ ምርመራዎች፣ የሆድ አልትራሳውንድ፣ ሰገራና ሽንት። ለዚህ ባሕር ዳር ካሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ወይም ከደብረ ማርቆስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ይጀምሩ። የሕብረ ሕዋስ መስማማት ምርመራና የለጋሽ ምርመራ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ልብዎ ቀዶ ጥገናውን እንደማይችል ቢታወቅ የወንድምዎ ደም ለምርመራ መላኩ ጥቅም የለውም፤ ወጪው ግን ወጥቷል።

በአገር ውስጥ ንቅለ ተከላ የሚሠራው ማዕከል በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ «ይህ ውጤት ጎድሏል» ተብሎ መመለስ ለደከመ ሰው ቀላል አይደለም። ማኅደሩን ሞልተው ይሂዱ።

ደረጃ 5፦ ንቅለ ተከላውን ከእጥበት ጋር ያወዳድሩ

ብዙ ሰው ንቅለ ተከላን ከጤነኛ ሕይወት ጋር ያወዳድራል። ለእርስዎ ያለው ምርጫ ንቅለ ተከላ ወይም እጥበት ነው፤ ሚዛኑም በሁለቱ መካከል መሆን አለበት።

እጥበት በሙሉ መጠኑ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 4 ሰዓት ያህል ነው። ንቅለ ተከላ ከዚህ ነፃ ያወጣል፤ ለአብዛኛው ብቁ ታካሚም ዕድሜ ይጨምራል። ነገር ግን ጥቅሙ በመጀመሪያው ቀን አይመጣም። በቀዶ ጥገናውና ጠንካራው መድኃኒት በሚሰጥባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት አደጋው እጥበት ላይ ከመቆየት ይበልጣል፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ ንቅለ ተከላው ይበልጣል። ተጓዳኝ ሕመም በበዛ ቁጥር ይህ መሻገሪያ ይርቃል። ስለዚህ የሚጠየቀው «ይቻላል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «መሻገሪያውን አልፌ የምጠቀምበት ዕድሜ አለኝ ወይ?» ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች ጽፈው ይሂዱ፦

- በእጥበት ብቀጥል የሚቀጥሉት 5 ዓመታት ለእኔ ምን ይመስላሉ?
- ከሕመሞቼ በቀዶ ጥገናው ጊዜ ከሁሉ የሚያሰጋዎት የትኛው ነው?
- በመድኃኒቱ ምክንያት የሚብስብኝ የትኛው ነው?
- አሁን ባለሁበት ሁኔታ ካልሆነ፣ ምን ሲስተካከል ይሆናል? በስንት ጊዜ?
- እኔ የእርስዎ አባት ብሆን ምን ይመክሩኝ ነበር?

በመጨረሻው ጥያቄ አይፈሩ። ሐኪሞች ወረቀት ላይ የማይጽፉትን የሚናገሩት ለዚህ ጥያቄ ነው።

ደረጃ 6፦ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለውን ኑሮ ይፈትሹ

ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን የተለመዱት ሦስት መድኃኒቶች ናቸው። ታክሮሊመስ በ12 ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ኩላሊቱ እስካለ ድረስ አይቆምም። የጥቂት ቀን መቋረጥ ሰውነት ኩላሊቱን እንዲያጠቃ በቂ ነው።

ስለዚህ ሳያፍሩ ይቁጠሩ፦ መድኃኒቱ በወር ስንት ያወጣል? የጤና መድንዎ ከዚህ የትኛውን ይሸፍናል? ቀሪውን የሚከፍለው ማን ነው፣ እሱ ሥራ ቢያጣስ? በመጀመሪያዎቹ ወራት ለክትትል በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚመላለሱ አዲስ አበባ የት ያርፋሉ? መንገድ ሲዘጋስ? ቢያንስ የአንድ ወር ተጨማሪ መድኃኒት በእጅ መኖር አለበት።

ጾምን በተመለከተ ከንስሐ አባትዎ ጋር ቀድመው ይነጋገሩ፤ የመድኃኒቱ ሰዓት ከቅዳሴ መውጫ ጋር አይቀያየርም። ጸበል የሚጠጡ ከሆነ ስለ ውሃው ንጽሕና፣ እጥበት ላይ ሳሉም ስለ መጠኑ ሐኪምዎን ያማክሩ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ከንቅለ ተከላ በኋላ ይቀራሉ። ከብቶች ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩ ከሆነ የተለየ ማደሪያ አሁኑኑ ያስቡ። ቆላማ አካባቢ ያለ ሰው አጎበር አይለየው።

ልጅ መውለድ የምታስብ ሴት ይህንን ቀድማ ትናገር። ማይኮፌኖሌት ፅንስን ይጎዳል፤ ከንቅለ ተከላ በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት መጠበቅና መድኃኒቱን ማስለወጥ ያስፈልጋል።

ደረጃ 7፦ ስለ ለጋሽ የሚነሳው አሁን ነው

እስካሁን ለጋሽ ያላነሳሁት ሆን ብዬ ነው። ራስዎ ብቁ መሆንዎ ሳይታወቅ ወንድማማቾችን ማፋጠጥ ቤተሰብ ያናጋል።

የደም ዓይነትን ይመልከቱ፦ ኦ የሆነ ተቀባይ ከኦ ብቻ ይቀበላል፤ ኤ ከኤና ከኦ፤ ቢ ከቢና ከኦ፤ ኤቢ ከሁሉም። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መሆን እዚህ ላይ ልዩነት አያመጣም። ከዚያ የለጋሹ ጤና ይመረመራል። በእርስዎ ላይ ያለው ስኳርና ግፊት በቤተሰብ የሚሄድ ከሆነ ወንድምዎም ሳያውቀው ሊኖርበት ይችላል። በዘር የሚወረስ የኩላሊት ከረጢት በሽታ ካለ ለወጣት ለጋሽ አንድ አልትራሳውንድ ላይበቃ ይችላል። ተቀባይዋ የወለደች ሴት ከሆነች በእርግዝና ጊዜ በባሏና በልጆቿ ሕዋስ ላይ ፀረ አካል አምርታ ሊሆን ስለሚችል የመስማማት ምርመራው በጥንቃቄ ይታያል።

ለጋሹ ከሐኪሙ ጋር ብቻውን ይነጋገር። «አልፈልግም» ቢል ምክንያቱ ለቤተሰብ ሳይገለጥ እንዲቆይ የሕክምና ቡድኑን መጠየቅ ይችላል። ገበሬ ከሆነ ደግሞ ወቅቱን ያስሉ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለ6 ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አያነሳም፣ ሞፈርም አይጨብጥም። ከአዝመራ በኋላ ያሉት ጥርና የካቲት ከሰኔና ሐምሌ ይሻላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ኩላሊት መሸጥና መግዛት ወንጀል ነው። «ለጋሽ አገኛለሁ» የሚል ደላላ ገንዘብዎን ይወስዳል፤ ያልተመረመረ ሰው ኩላሊት ደግሞ በሽታውን ይዞ ይመጣል።

ደረጃ 8፦ ውሳኔውን ይጻፉ፣ ቀን ይስጡት

ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ከሦስቱ አንዱን ይጻፉ።

«አዎ»፦ ሪፈሩን ይያዙ፣ የለጋሹ ምርመራ ይጀመር፣ ክትባቶች ይሟሉ።

«ገና»፦ መስተካከል ያለበትን፣ የሚከታተለውን ሐኪም፣ እንደገና የሚታይበትን ቀን ይጻፉ። ቀን ያልተጻፈበት «ገና» ሳይታወቅ «አይሆንም» ይሆናል።

«አይሆንም»፦ ይህም ውሳኔ ነው፤ ተስፋ መቁረጥ አይደለም። ትኩረትዎ ወደ ጥሩ እጥበት ይዙር። በአንገት ካለው ቱቦ ይልቅ በክንድ ላይ የሚሠራ ፊስቱላ (ለእጥበት የሚዘጋጅ የደም ሥር ማገናኛ) ኢንፌክሽንን ይቀንሳል። ለዚህ ሲባል ከአሁኑ የማይሠሩበትን እጅ ደም ከመቅዳትና ግፊት ከመለካት ይጠብቁት። ሕመሙ በጣም ለገፋና እጥበትም ለከበደው ሰው ሥቃይን፣ ማሳከክንና የትንፋሽ ማጠርን የሚያስታግስ ሕክምና መጠየቅ ተገቢ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስህተቶች

- ምርመራ ሳይጀመር በሬ መሸጥና መሬት ማከራየት። የመጀመሪያዎቹ ምርመራዎች ይህን ያህል አይጠይቁም፤ ገንዘቡ የሚያስፈልገው በኋላ ለመድኃኒቱ ነው።
- «አይሆንም» ያለውን አንድ ሐኪም የመጨረሻ ዳኛ ማድረግ። ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁና ለሁለተኛ ሐኪም ያሳዩ። ሦስተኛና አራተኛ «አዎ» የሚል ፍለጋ ግን ጊዜ ይበላል።
- ኩላሊቱ ሲተከል ስኳሩና ግፊቱ አብረው ይድናሉ ብሎ ማሰብ። ግፊት ሊሻሻል ይችላል፤ ስኳር ብዙ ጊዜ ይብሳል።
- የድሮዎቹ ኩላሊቶች ይወጣሉ ብሎ መፍራት። አብዛኛውን ጊዜ በቦታቸው ይቀራሉ።
- የተተከለው ኩላሊት ለዘለዓለም ይኖራል ብሎ ማቀድ። ከሕያው ለጋሽ የተገኘ ኩላሊት ክትትሉ በተሟላባቸው አገሮች በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይሠራል፤ ተጓዳኝ ሕመም ካልተያዘ ያጥራል።
- ወደ ጸበል ሲሄዱ እጥበት ማቋረጥ። ጸበሉና እጥበቱ አይጣሉም፤ ቀኖቹን አስተካክሎ ሁለቱንም መያዝ ይቻላል።
- ወደ ሕንድ ወይም ሌላ አገር ሄዶ አስተክሎ ከመጡ በኋላ የሚከታተል ሐኪም መፈለግ። የሚከታተልዎትን ሐኪም ከመሄድዎ በፊት ያግኙ፤ እዚያ የሚታዘዘው መድኃኒት እዚህ በየትኛው መድኃኒት ቤት እንደሚገኝና የታክሮሊመስ መጠን በደም ውስጥ የሚለካበትን ቦታ ትኬት ሳይቆርጡ ያረጋግጡ። ሲመለሱም የቀዶ ጥገናውን ማጠቃለያ፣ የለጋሹን የቫይረስ ምርመራ ውጤትና የመድኃኒቱን ዝርዝር በወረቀት ይዘው ይምጡ።